ለንጣት ሃያ ነጥብ

ዳኛው ሮይስ ፔነል ሰማያዊውን የአንደኝነት ሪባን በኒካው ራዊሪ ገንዳ መስታወት ላይ ሲለጥፍ፣ አቪስ ትሬምባዝ አፏ ውስጥ የነበረውን ኬክ ሳታላምጥ ዋጠችው። ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ሊያንቃት ደረሰ። ግን አልሳለችም። በዚያች ሰዓት ማሳል ቀርቶ ፊቷን ብታኮሳትር እንኳ "ቅናት ነው" እንደሚባል ታውቃለች። ሁለተኛ የወጣችው እሷ ናትና።

በአውስትራሊያዋ ቦወን ከተማ የጨው ውሃ ገንዳ ያላቸው ሰዎች በየዓመቱ፣ የማንጎ ለቀማ ሊጀመር ሲል ባለው እሑድ፣ መኪኖቻቸውን አሰልፈው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ውድድሩ የአኒሞኒ ነው። አኒሞኒን ደግሞ እንደ ኬክ ወይም እንደ ዶሮ አዳራሽ ወስዶ ማሳየት አይቻልም። አበባ ትመስላለች እንጂ እንስሳ ናት፤ ባንድ እግሯ ድንጋይ ላይ ተጣብቃ ብዙ ጣቶቿን ውሃው ውስጥ እያወዛወዘች ትኖራለች። ከመረጠችው ቦታ በግድ የነቀላት ሰው እግሯን ይቀድዳል፤ እግሯ የተቀደደ ደግሞ ብዙ አትሰነብትም። ስለዚህ የሚሄዱላት ዳኞቹ ናቸው። ዘጠኝ ቤት፣ ዘጠኝ ጊዜ ሻይ፣ ዘጠኝ ጊዜ ኮኮናት የተነሰነሰበት ኬክ። የኒካው ቤት የመጨረሻው ነበር።

የእሱ አኒሞኒ ወተት ትመስላለች። ጫፍ ጫፏ ብቻ ሐምራዊ ነው። ሁለት ብርቱካናማ ዓሣዎች በጣቶቿ መሃል እየተሹለከለኩ ሲጫወቱ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻታል።

"ሙሽራ ትመስላለች" አለች አንዷ።

አቪስ ግን ያየችው ሌላ ነገር ነው። የአኒሞኒዋ አፍ ገርበብ ብሏል፤ ሊዘጋ ሞክሮ ያቃተው ዓይነት። ጣቶቿ ቀጥነዋል። ይህች ሙሽራ አይደለችም፤ ይህች ርሃብተኛ ናት። የደህና አኒሞኒ መልኳ ጠይም ነው፤ ጠይም የሚያደርጋት ደግሞ በሥጋዋ ውስጥ የሚኖሩት ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን እፅዋት ናቸው። እነሱ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ እሷ ትበላለች። ከባሕር ወጥታ በሙቀትና በጨለማ በላስቲክ ታስራ ስትጓዝ ግን ተጨንቃ ትተፋቸዋለች። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ነጭ ሥጋ ብቻ ነው። የነጣችው ጓዳዋ ባዶ ስለሆነ ነው። ይህን ባዶ ጓዳ ከበው ሠላሳ ሰዎች "እንዴት ታምራለች" እያሉ ኬክ ይበላሉ።

የእሷዋ ጠይም ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ የትሪ ስፋት አላት፣ ስትነካ ጣት ይዛ ትስባለች። ሮይስ በወረቀቱ ላይ "ጤናማ፤ ነገር ግን ቀለሟ የደበዘዘ" ብሎ ጽፎላታል። የደበዘዘ። አቪስ ይህን ቃል ከጠዋት ጀምሮ በሆዷ እያገላበጠችው ነው።

ሰው ሲበተን ኩባያ ልታጥብ ብላ ቀረች። ኒካው ከኒውዚላንድ የመጣ የማኦሪ ልጅ ነው፤ የድንጋይ ከሰል በሚጫንበት ወደብ ይሠራል፣ በሩን ሲያልፍ ትከሻውን የሚያዘነብል ግዙፍ ሰው። በእናቱ ዕድሜ ያለችን ሴት ሁሉ አክስቴ ብሎ ነው የሚጠራው።

"ኒካው፣ ምን ታበላታለህ?" አለችው ኩባያ እያደረቀች።

"ምንም።"

"ምንም ማለት?"

"ምንም ነዋ፣ አክስቴ። የሸጠልኝ ባለ ሱቅ አስጠንቅቆኛል። ምግብ ንጣቷን ያቆሽሻል፣ ከመብራቱ ትጠግባለች ነው ያለኝ።"

አቪስ ፎጣውን አስቀመጠች። "በምኗ ትጠግባለች? ከመብራት የሚያበሏት እኮ ከውስጧ ወጥተው አልቀዋል።"

"እነማን?"

ነገረችው። አጥብቃ፣ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ ነገረችው። እጅጌዋን ሰብስባም ጣቷን ገንዳው ውስጥ ከተተችና የነጯን ጣት ነካች። ደህና ብትሆን ኖሮ እንደ ማጣበቂያ ትይዛት ነበር። ይህችኛዋ እንደ እርጥብ ክር ሸርተት አለች።

"አየህ? አልያዘችኝም።"

"እንግዳ በዝቶባት ደክሟት ነው።"

"በአንድ ወር ውስጥ ትሞትብሃለች፣ ኒካው።"

ኒካው ፈገግ አለ። ክፋት የሌለበት ፈገግታ ነው፤ እሱ ነው ይበልጥ ያቃጠላት። "አክስቴ፣ ሁለተኛ መውጣት እኮ አያሳፍርም። ያንቺም ቆንጆ ናት። ትልቅ ናት።"

"ስለ እኔ አይደለም የማወራው።"

"በአራት ሳምንት የትልቁ ውድድር ዳኞች ከታውንስቪል ከተማ ይመጡልኛል። ካሜራ ይዘው፣ እዚህ፣ እኔ ቤት። እስከዚያ ነጭ ሆና ትቆይልኝ፤ ከዚያ በኋላ አንቺው መጥተሽ የፈለግሽውን ታጎርሻታለሽ።" ከዚያም የተረፈውን ኬክ በወረቀት ጠቅልሎ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

አቪስ ኬኩን ይዛ መኪናዋ ውስጥ ገባች። እስከ ቤቷ ድረስ ስትሳደብ ሄደች። ኒካውን አልሰደበችም፤ እሱ የነገሩትን ያመነ ሰው ነው። ባለ ሱቁን ሰደበችው፣ ዳኞቹን ሰደበቻቸው፣ የሚሞትን ነገር ፎቶ የሚያነሳውን ሕዝብ በሙሉ ሰደበችው። የራበው ውሻ በመንገድ ቢያዩ ሮጠው ውሃ የሚያቀርቡ ሰዎች ናቸው እኮ። ውሃ ውስጥ ሲሆንና ድምፅ ሲያጣ ግን ሪባን ይለጥፉበታል።

በማግስቱ በዓሣ ሱቁ በኩል አለፈች። መስኮቱ ላይ "አሸናፊዋን የምትመስል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከሥሩ ነጫጭ አኒሞኒዎች ተደርድረዋል፤ አፋቸውን የከፈቱ። ሰባት መጥተው ሦስቱ እስከ እኩለ ቀን እንደተሸጡ ሻጯ በኩራት ነገረቻት። "አንድ ላስቀምጥልዎ?" አለቻት ጨምራ።

አቪስ መልስ ሳትሰጥ ወጣች። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ በቀጥታ ወደ ባለ ገንዳዎቹ ማኅበር አዳራሽ ነዳች። ሮይስ ፔነል መሰላል ላይ ቆሞ የጣሪያ ማራገቢያ ይጠግናል። ማቀዝቀዣ ሲጠግን የኖረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ፣ ለሰው ክፉ የማያስብ ሽማግሌ ነው።

"ውረድ" አለችው።

"አቪስ፣ ሰላም ነው?"

"የነጥብ መስጫውን ወረቀት አሳየኝ።"

ወርዶ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጣት። ስፋት አሥራ አምስት ነጥብ። የዓሣዎቹ ምቾት አሥራ አምስት። የውሃ ጥራት ሃያ። ቀጥሎ፣ ከውሃው ጥራት እኩል ተከብሮ፣ ንጣት ሃያ።

"ለንጣት ሃያ ነጥብ" አለች አቪስ። "ለበሽታ ሃያ ነጥብ። ይህን የጻፈው የትኛው ደንቆሮ ነው?"

ሮይስ አልተቆጣም። እጁን በሱሪው ጠረገና በጣቱ ወደ ግድግዳው አመለከተ። "ነይ እስኪ።"

አቪስ ወደዚህ አዳራሽ ከመጣች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ለዘንድሮው ውድድር እንኳ የተመዘገበችው በስልክ ነበር። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ማን እንደተሰቀለ አታውቅም። በክፈፍ ውስጥ ያለው ፎቶ ቀለሙ ወደ ቢጫ ሄዷል። አንዲት የአርባ ዓመት ሴት ፀጉሯን አስጠቅልላ፣ ጥርሷን ፈልቅቃ፣ ሰማያዊ ሪባን ከተለጠፈበት ገንዳ አጠገብ ቆማለች። ከኋላዋ ወተት የመሰለች አኒሞኒ አለች። ሴትየዋ ራሷ አቪስ ናት።

"ያን ጊዜ ነጥብ የሚባል ነገር አልነበረንም" አለ ሮይስ። "ዝም ብለን ነበር የምንመርጠው። ያንቺን ስናይ ግን፣ ምርጥ ማለት ይህ ነው ተባባልን። ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን እያየን ነው ወረቀቱን የጻፍነው። ንጣትን እኔ ራሴ ነኝ የጨመርኩት፤ ላንቺ ክብር ብዬ ነበር።" ትንሽ ቆየና "ያቺ አኒሞኒ አሁንም አለች? ሮክሃምፕተን ከተማ ያለው ሰውዬ ጋር?" ሲል ጠየቃት።

"አላውቅም" አለች አቪስ።

ሮክሃምፕተን ምንም ሰውዬ የለም። ኖሮም አያውቅም። ያቺ አኒሞኒ ከአሸነፈች በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ሟሙታ ገንዳው ውስጥ ፈሰሰች። ሽታው መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ሳምንት አልወጣም። ውሃው ተበክሎ ዓሣዎቹም አለቁ። አቪስ ሁሉንም በባልዲ አድርጋ ባሕሩ ዳር ካለው ረግረግ ወስዳ ደፋችውና፣ ለጠየቃት ሁሉ "ሮክሃምፕተን ለሚኖር ሰው ሰጠኋት፣ ትልቅ ገንዳ ስላለው" አለች። አሸናፊዋን ገደለቻት ከመባል ይህ ይሻላል ብላ ነው። ከዚያ ከማኅበሩ ቀረች። መጻሕፍት አነበበች፣ ደብዳቤ ተጻጻፈች፣ ለምን እንደሞተች ገባት። ጠይሟን ገዛች፣ አሳደገች። ላለፉት ሃያ አራት ዓመታት ኩሽናዋ ውስጥ ሆና የማኅበሩን ድንቁርና ስትረግም ኖራለች። ለማንም ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን ጨብጣ ቁጭ አለች። ቁጣዋ በርዶላት ቢሆን በተሻላት፤ ግን አልበረደም። ሮይስ ላይ ተቆጣች፣ ያን ፎቶ ጠብቆ ስላኖረ። ፎቶ አንሺው ላይ ተቆጣች። ፎቶው ውስጥ ያለችው ጥርሷን የፈለቀቀች ሴት ላይ ተቆጣች፣ ያችኛዋ ላይ ከሁሉም ይበልጥ። ከዚያ ሌላ የሚሰደብ ሰው አልተረፈም።

ኒካው እስከ ረቡዕ ፈረቃ ላይ ነው። ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ፣ የሥራ ጫማውን ገና ደረጃው ላይ ሲያወልቅ፣ አቪስን አጥሩ ጋ ቆማ አገኛት።

"አክስቴ፣ ደግሞ መጣሽ?" አለ እየሳቀ። "ሪባኑን ልስጥሽና እንገላገል እንዴ?"

"ሳትስቅ ስማኝ።"

ደረጃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና ነገረችው። ነጯን፣ ሠላሳ ሦስተኛውን ቀን፣ ባልዲውን፣ የሌለውን የሮክሃምፕተን ሰው። የነጥቡ ወረቀት ከየት እንደተቀዳ ጭምር። ቶሎ ቶሎ ነበር የተናገረችው፣ ሰው መራራ መድኃኒት አፍንጫውን ይዞ እንደሚጠጣው። ስትጨርስ የጠበቀችው "አይዞሽ" የሚል ቃል ነው። ትልቅ ሰው ናት፣ ራሷን አዋርዳ የመጣች፤ ይገባኛል ብላ ነበር።

ኒካው ጫማውን ደረጃው ላይ አስቀመጠ።

"የወንድሜ ሚስት ዐምና ነጭ ገዝታ ነበር" አለ። "ሞተችባት። አለቀሰች፣ ታውቂያለሽ? ለአንድ የባሕር እንስሳ። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ሳቅሁባት። አያያዝ አታውቂበትም አልኳት።"

"አላወቅህም።"

"እኔማ አላወቅሁም። አንቺ ግን ታውቂ ነበር።" ድምፁን አላነሳም፤ አክስቴ ማለቱን ግን ትቷል። "እሑድ እዚህ ቤት ቆመሽ ስትቆጪኝ፣ የእኔ ድንቁርና ይመስል ነበር። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የምትቆጪው በእኛ ነበር?"

አቪስ ልትሄድ ተነሳች።

"አሁንስ፣ ለእኔ ብቻ ነግረሽኝ ልትሄጂ ነው? ሱቁ መስኮት ላይ ያሉትስ?"

"ስድስቱ ተሸጠዋል" አለች አቪስ። ስትመጣ በዚያ በኩል ነበር ያለፈችው።

"ነገ ሐሙስ የማኅበሩ ስብሰባ አለ። ወይ አንቺ ትናገሪያለሽ፣ ወይ እኔ እናገራለሁ።" ተነሳና በሩን ከፈተላት። "ግቢ። መጀመሪያ አብሊልኝ።"

ከማቀዝቀዣው ሽሪምፕ አወጣ። አቪስ ቢላዋ ተቀብላው የአተር ፍሬ እስኪያክል ከተፈችው፤ የደከመች አኒሞኒ ትልቅ ጉርሻ አትችልም፣ መልሳ ትተፋዋለች። ፓምፑን አስጠፋችው። አንዷን ቁራጭ በረጅም ወረንጦ ይዛ ወደ አኒሞኒዋ አፍ አወረደችው። ነጯ አልያዘችውም፤ ቁራጩ ተንከባሎ አሸዋው ላይ ወደቀ። ሁለተኛውን አንደኛው ዓሣ ነጥቆ ሮጠ። ኒካው ዓሣውን በማኦሪ ቋንቋ ሰደበው። ሦስተኛውን አቪስ በነጯ ጣቶች መሃል አኑራ፣ እጇ እስኪዝል ድረስ ሳትነቃነቅ ጠበቀች። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ጣት ታጠፈ። ሌላው ተከተለ። ምግቡ ወደ መሃል ሄደ፤ ገርበብ ብሎ የነበረው አፍም በላዩ ላይ ተዘጋ።

"በላች" አለ ኒካው።

"በየሁለት ቀኑ እንዲህ ታደርጋለህ። መብራቱን በግማሽ ቀንሰው፤ አሁን ብዙ ብርሃን ያቃጥላታል። ከሦስት አራት ወር በኋላ መጥቆር ትጀምራለች።"

"የታውንስቪሎቹ ሲመጡስ?"

"ሲመጡ የምትበላ አኒሞኒ ያያሉ።"

ኒካው ሪባኑን ከመስታወቱ ላይ ላጠና መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ደህና ዋይ እንኳ ሳይላት ነበር የሸኛት።

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከውድድር በኋላ ያለው ስብሰባ ሁልጊዜ ይሞላል፤ ሰው ስለ ሌላው ሰው ገንዳ ሊያማ ይመጣል። አቪስ ንግግሯን ቤቷ ጽፋ ይዛለች። ስትነሳ የጀመረችው ከነጥቡ ወረቀት ነው። ንጣት በሽታ መሆኑን አብራራች። የሱቁን ባለቤት አብጠለጠለችው። ዳኞቹን ወቀሰች፣ ሮይስን በስሙ ጠርታ። ድምጿ እየጠነከረ ሄደ፤ እውነቷንም ነው፣ ቃል በቃል እውነቷን ነው። ሰዎች በእሺታ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። እንዲህ ተናግራ ብትቀመጥ ኖሮ ያጨበጭቡላት ነበር።

ከኋላ ኒካው ጉሮሮውን ጠረገ።

አቪስ ወረቀቷን አጠፈች። "ግድግዳው ላይ ያለችው" አለች፣ "የእኔዋ፣ ሮክሃምፕተን አልሄደችም። በአምስት ሳምንት ሞተች። ስለነጣች ነው የሞተችው። ይህን ካወቅሁ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ነጭ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አብሏት። እንዴት እንደሆነ ቤታችሁ መጥቼ አሳያችኋለሁ።"

ሮይስ ፎቶውን አየ፣ ከዚያ እጆቹን አየ። አንዲት ወጣት ሚስት ባሏን "ነግሬህ ነበር አይደል፣ አፏን ከፍታለች ብዬ" ስትል ተሰማች። ከዚያ ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ተነሳች። ሃምሳ ዓመት ሳይሆናት አይቀርም፤ አቪስ መልኳን ታውቀዋለች፣ ስሟን ግን አታውቀውም።

"እኔ በ2009 ነበረችኝ" አለች ሴትየዋ። "ነጭ። አንቺ ፖስታ ቤት ትሠሪ ነበር። መስኮቱ ጋ መጣሁና፣ አፏን ከፍታለች፣ ምን ላድርግላት ብዬ ጠየቅሁሽ። ይህን ነገር የምታውቅ አቪስ ናት ብለውኝ ነበር።"

አቪስ ልታስታውስ ሞከረች። ብዙ ሰው ነበር የሚመጣው።

"ውሃውን ለውጪው አልሽኝ። ሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ከሥራ ስወጣ፣ ከባሕሩ በጀሪካን ሳመላልስ ነበር። አንድ ቀን ስላሳለፍኩ የሞተች መስሎኝ ነበር እስከ ዛሬ። ውሃው አልነበረም፣ አይደል?"

"አልነበረም።"

"ያኔም ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

ሴትየዋ አልተቀመጠችም። "ታዲያ ለምን ውሃው ነው አልሽኝ?"

አቪስ ሰልፍ ነበረ ልትል አሰበች፤ መስኮቱ ላይ ሁልጊዜ ሰልፍ አለ። ሠላሳ ጥንድ ዓይን ያያታል።

"ንጣቷ ነው ብልሽ ኖሮ" አለች፣ "ያንቺስ ነጭ የት አለች ብለሽ ትጠይቂኝ ነበር።"